ድንጋዩም አፈሩም እዚሁ ነው

ውድ አንባቢ፣

የምጽፍልዎ በአማራ ክልል፣ በጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ባለችው በሰንበቴ ከተማና በዙሪያዋ ስለጠፋው ቤት ነው።

በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በአጣዬና በጅሌ ጥሙጋ በተነሣው ግጭት ብዙ ቤት ተቃጠለ። ዓመት ሳይሞላ የሰሜኑ ጦርነት እዚሁ አካባቢ ደረሰ። አማራውም ኦሮሞውም ቤት አጥቷል።

አሁን ቤት እንሥራ ሲባል ሲሚንቶና ብረት ይታሰባል፤ ገበሬው ግን ዋጋውን አይችለውም። የለመድነው የእንጨትና ጭቃ ቤትም በአብዛኛው በባሕር ዛፍ ምሰሶ ነው የሚቆመው። በቆላው ምስጥ ምሰሶውን ከሥር ይበላዋል፣ የክረምት ጎርፍ ግድግዳውን ከታች ይሸረሽረዋል፣ በበጋ ደግሞ ቆርቆሮው ያቃጥላል።

መፍትሔውን ሩቅ አንፈልገው። በደዋ ጨፋ ወረዳ፣ ከተራራ ላይ ያለችው የአርጎባ መንደር ሾንኬ፣ በድንጋይ ቤቶቿ ለዘመናት ኖራለች። በአዲስ አበባም በ2003 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩት ከስዊዘርላንዱ ኢቲኤች ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ጋር ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሠርቶ አሳይቷል፤ የምድር ቤቱ ግድግዳ ተጠቅጥቆ የጠጠረ አፈር፣ የላይኛው ደግሞ የአፈር ጡብ ነው።

ለሰንበቴ የምመኘው ከዚያ ያነሰ ነው፦ ሁለት ክፍል፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ መሠረት፣ ጥቂት ሲሚንቶ ገብቶበት በእጅ ማሽን የታመቀ የአፈር ጡብ፣ ዝናቡን ከግድግዳው የሚያርቅ ሰፊ የጣሪያ ክፈፍ። ቤተሰቡ ሲበዛ ሌላ ክፍል ይቀጠላል። ወፍራሙ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቶሎ አያስገባም። አፈሩን በቅድሚያ ለመመርመር ውኃ ያለበት ጠርሙስ ይበቃል፤ አፈሩ ተበጥብጦ ሲረጋ አሸዋው ከታች፣ ሸክላው ከላይ ይለያል።

ዋናው ጉዳይ ግን ሙያው ነው። ለመልሶ ግንባታ የሚመጣው ገንዘብ ቆርቆሮና ሚስማር ገዝቶ ከሚያልቅ የየቀበሌው ወጣት ግንበኝነት ይሠልጥንበት። ደሞዙም እሑድ በሰንበቴ ገበያ ይመነዘራል። ድንጋይ መልቀሙንና አፈር መቆፈሩን ደቦው ይችለዋል፤ ኦሮሞውና አማራው ለእርሻ ሲጠራሩበት የኖሩበት ወግ ነውና።

አፈር ቤትን ከሰው እሳት እንደማያድን አውቃለሁ። ሰላሙን የሚያወርዱት ሽማግሌዎችና መንግሥት ናቸው። ሆኖም ሰላሙ እስኪሞላ ሰው በሸራ ሥር አይከርምም።

ስለዚህ እርስዎ የወረዳ ሹም ከሆኑ፣ የተራድኦ ሠራተኛ ወይም በውጭ የሚኖሩ የአካባቢው ልጅ ከሆኑ፣ ልመናዬ አንድ ነው፦ ከመጪው ክረምት በፊት በየቀበሌው አንድ ናሙና ቤት ይሠራ፤ የመጀመሪያዎቹም ልጆቻቸውን ብቻቸውን ለሚያሳድጉ እናቶች ይሰጡ።

አክባሪዎ