ቱሉ ዲምቱ ሮኬት አያስፈልጋትም

የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሣው ከቱሉ ዲምቱ ነው። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም እዚሁ አካባቢ ይገኛል። ስለ ህዋ በተነሣ ቁጥር ግን ሁላችንም አንጋጠን የምናየው እንጦጦን ነው። እኔ የሚቀጥለው ሥራ ያለው እዚህ ታች ነው ባይ ነኝ።

እንጦጦ ድርሻውን አላጓደለም። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ፣ ለድሃ አገር ቅንጦት ነው እየተባለ፣ 3,200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ሁለት ቴሌስኮፖች አስተክሏል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና መጠቀች፤ አብዛኛውን ወጪም የሸፈነችው ቻይና ናት። መሐንዲሶቻችን ሠለጠኑ፤ የምድር ጣቢያውም እንጦጦ ላይ ቆመ። ጥሩ። ይሁንና የሳተላይቷ ምስል ጥራት 13.75 ሜትር ነበር፤ የአውሮፓ ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች ግን በየአምስት ቀኑ ከዚያ የጠራ ባለ 10 ሜትር ምስል ለዓለም ሁሉ በነፃ ይለቃሉ። ምስል አልጠፋም። ምስሉን አንብቦ ለገበሬ፣ ለከተማ አስተዳደር ወይም ለመድን ድርጅት የሚጠቅም መልስ የሚያወጣ ሰው ነው ያነሰው፤ ያንን ሰው ማውጣት የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው።

አቃቂ ወንዝ የሚገባበትን የአባ ሳሙኤል ግድብ እንውሰድ። የከተማው ቆሻሻ የሚወርድበት ውሃ እምቦጭ ለተባለው የውሃ አረም ተመችቶታል። ውሃ ኢንፍራሬድ የሚባለውን ለዓይን የማይታይ ብርሃን ይውጠዋል፤ ለምለም ቅጠል ግን አጥብቆ ይመልሰዋል። ስለዚህ እምቦጩ በሳተላይት ምስል ላይ ከውሃው ተለይቶ ይታያል፣ ስፋቱም ይለካል። ክረምት ላይ ደመና ስለሚጋርደው ራዳር ያስፈልጋል። የዳር ሣርም እምቦጭ መስሎ ሊያሳስት ይችላልና ቦት ጫማ አጥልቆ ወርዶ ማጣራት ግድ ነው። (በዚህ የቱሉ ዲምቱ ተማሪ ከአውሮፓው ይሻላል፤ ታክሲ ተሳፍሮ ይደርሳል።) ይህ ለአንድ የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚበቃ ሥራ ነው፤ በየወሩ ከተደገመ ደግሞ የሚሸጥ አገልግሎት ይሆናል።

ከዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት ወደ ኩባንያ የተሻገሩ አሉ። በእንግሊዙ ሱሬይ ዩኒቨርሲቲ ማርቲን ስዊቲንግና ባልደረቦቹ ከገበያ የሚገኙ ዕቃዎችን ጭምር ተጠቅመው የሠሯት ሳተላይት በ1981 እ.ኤ.አ. መጠቀች። በ1985 በ100 ፓውንድ መነሻ ካፒታል ኩባንያ አቋቋሙ፤ በ2003 የመጠቀችውን የናይጄሪያን የመጀመሪያ ሳተላይት የሠራው ይኸው ኩባንያ ነው። ከታሪኩ እኔን የሚገርመኝ ሳተላይቷ አይደለችም፤ ዩኒቨርሲቲው መምህራኑ ነጋዴ እንዲሆኑ መፍቀዱ ነው።

ታዲያ ሳተላይት አንሥራ? እንሥራ እንጂ። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዱ ጎኗ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነች ኩብ ሳተላይት በጃፓን እገዛ በ2018 እ.ኤ.አ. ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ለቋል። እንዲህ ያለችው ሣጥን ተማሪን ስለ ባትሪ፣ ስለ ሬዲዮና ስለ ብልሽት ታስተምራለች። ገቢ ታመጣለች ብሎ መጠበቅ ግን የዋህነት ነው።

ገቢው ከገዢ ነው የሚመጣው፤ እኛ ዘንድ ትልቁ ገዢ መንግሥት ነው። የስታርት አፕ ውድድር ሽልማትና የመድረክ ፎቶ ይሰጣል፤ በሚቀጥለው ወር ግን የሠራተኛ ደመወዝ አይከፍልም። የውሃና የመሬት መሥሪያ ቤቶች የአንድ ዓመት የካርታ አገልግሎት ውል ለአዲስ ምሩቃን ቡድን ቢሰጡ፣ ከአሥር ውድድር ይበልጣል። ጨረታው የሦስት ዓመት ልምድ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ትናንት የተመረቀ ልጅ ከየት ያመጣዋል?