ከፊደላት ቃልን የመፈለግ ጨዋታና የይፋት ትምህርት ቤቶች

ጥቂት የእንግሊዝኛ ፊደላትን ተቀብሎ፣ እነዚያ ፊደላት የሚገኙበትን ቃል ከልቡና መዝገብ መርምሮ የማውጣት ጨዋታ፣ ላይ ላዩን ለሚመለከተው ሰው የሥራ ፈት ጊዜ ማሳለፊያ መስሎ ቢታይም፣ በአጣዬና በሸዋ ሮቢት፣ በጠቅላላውም በይፋት ቆላ ለሚማሩ ልጆች ግን ከጨዋታነቱ ትምህርትነቱ የሚያመዝን፣ ስለዚህም በየትምህርት ቤቱ የታወቀ ሰዓት ሊመደብለት የሚገባ ነገር መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ እወዳለሁ።

ከእነዚህ ጨዋታዎች እጅግ የታወቀውን ስክራብልን ያወጣው አልፍሬድ በትስ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ሕንጻ ባለሙያ ሲሆን፣ በዓለም ላይ በወረደው የኢኮኖሚ ድቀት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሥራ በፈታ ጊዜ፣ የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣን የፊት ገጽ ይዞ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ በትዕግሥት ቈጠረ፤ ጄምስ ብሩኖት የተባለው ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1948 ጨዋታውን ስክራብል ብሎ ሰየመው። ከመቶው የፊደል ጠጠሮች መካከል ኢ የተባለችው ፊደል 12 ጊዜ ስትገኝ፣ ኤና አይ ዘጠኝ ዘጠኝ ጊዜ፣ ኦ ስምንት ጊዜ ይገኛሉ፤ ኪውና ዜድ ግን አንድ አንድ ጊዜ ብቻ በመኖራቸው እያንዳንዳቸው 10 ነጥብ ያስገኛሉ። እንግዲህ የጨዋታው ሥርዓት የልሳኑን ጠባይ በቍጥር የሚገልጥ ስለ ሆነ፣ ደጋግሞ የተጫወተው ተማሪ በእንግሊዝኛ የትኛው ፊደል ዘወትር፣ የትኛውስ በስንት አንዴ እንደሚገኝ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ይህ ዕውቀት ለእኛ ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በግእዝ ፊደል የተማረ ሕፃን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ተዋሕደው ስለሚያገኛቸው፣ አንዱን ከሁለተኛው መለየት ሳያስፈልገው ያነባል፤ በላቲን ፊደል ግን አናባቢው ራሱን ችሎ የሚቆም፣ እንደ ቦታውም ድምፁን የሚለዋውጥ በመሆኑ፣ ልጁ ቃሉን በጆሮው ቢያውቀው እንኳ ሲጽፈው ይሰናከላል። በዚህ ላይ የይፋት ምድር ልሳናት የሚገናኙበት ምድር ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አርጎብኛና አፋርኛ በአንድ ገበያ ይሰማሉ፤ ከአጣዬ አልፎ ከሚሴ ሲደረስ፣ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በሥራ ላይ በዋለው በቁቤ፣ ማለት ኦሮምኛ በሚጻፍበት በላቲን ፊደል፣ የሚማሩ የኦሮሞ ልጆች ይገኛሉ። በቁቤ ኪው የተባለው ፊደል ያለ ማንም ረዳት «ቅ» ተብሎ ሲነበብ፣ በእንግሊዝኛ ግን ከጥቂት የውሰት ቃላት በቀር ዩ የተባለችውን ሳያስከትል አይገኝም፤ ኤክስ በቁቤ «ጥ» ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ሌላ ነው። ስለዚህ አንዱ ምልክት በሁለት ልሳን ሁለት ሕግ እንዳለው ለማስተማር፣ ፊደሉ ተይዞ ቃሉ ከሚፈለግበት ጨዋታ የተሻለ መንገድ አይታየኝም።

ያለ ዩ ኪውን ከሚይዙት ከእነዚያ ጥቂት ቃላት አንዱ፣ እኛ ጫት የምንለው ተክል የሚጻፍበት ኪው፣ ኤ፣ ቲ የተባለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል መሆኑን፣ ጤፍና ብር፣ እንጀራና ንጉሥም በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መግባታቸውን ተማሪው ባወቀ ጊዜ፣ ያ ልሳን ፈጽሞ ባዕድ ሆኖ አይታየውም። በፍለጋውም ላይ ሥርዓት አለ። ቃሉን ከመካከሉ ሳይሆን ከዳርና ከዳሩ መያዝ፣ ብዙ ቍጥርን የሚያመለክተውን ኤስን ለመጨረሻ ማቆየት፣ ቲ፣ አይ፣ ኦና ኤን ሲገናኙ ግስን ወደ ስም የሚለውጥ ጅራት እንደሚሆኑ ማስተዋል፣ ጄና ቪ ከጥቂት ቃላት በቀር በቃል መጨረሻ እንደማይቆሙ ማወቅ፣ እነዚህ ሁሉ በሰዋስው መጽሐፍ ገጽ ሙሉ ተጽፈው የማይያዙትን ሕግጋት በአንድ ከሰዓት በልብ የሚያሳድሩ ናቸው።

ይህ ዓይነት ትምህርት ለአበው መምህራን እንግዳ አልነበረም። ደቀ መዝሙሩ ፊደል ቈጥሮ፣ በግእዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ አልፎ ዳዊት በሚደግምበት ጊዜ፣ 118ኛው መዝሙር አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ በ22 የዕብራይስጥ ፊደላት ተከፍሎ ያገኘዋል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌም በ1948 ዓ.ም. በታተመው በታላቁ የግእዝ መዝገበ ቃላታቸው ቃላቱን በአበገደ ተራ ሲያሰልፉ፣ «መጽሐፍ» የሚለውን ስም የሚሻ አንባቢ ባዕድ ፊደሉን «መ»ን ገፍፎ «ጸሐፈ» ወደሚለው ግስ እንዲደርስ አድርገዋል። ቃልን ከሥር ፊደላቱ ተነሥቶ መፈለግ የእኛም የሊቃውንት ልማድ ነው፤ ልዩነቱ አበው ፍለጋውን ወደ ትርጓሜ ማድረሳቸው ነው።

እኔንም የሚያሳስበኝ ይኸው የትርጓሜው ነገር ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ ላይ ፊደላቱን ብቻ ቢነግሩት፣ እነርሱን የያዙትን ቃላት ሁሉ በቅጽበት የሚደረድር መሣሪያ ስላለ፣ ተማሪው ትርጉሙን የማያውቀውን ቃል አስቀምጦ ነጥብ ይወስዳል፤ ይህም ሳይሠሩ ደመወዝ እንደ መቀበል ያለ ነው። ስለዚህ የጨዋታው ሕግ እንዲህ ይሁን እላለሁ፤ ቃሉን ያገኘ ልጅ ትርጉሙን በአማርኛ ወይም በአፍ መፍቻ ልሳኑ ይናገር፣ በእንግሊዝኛም አንድ ዐረፍተ ነገር ይሥራበት፤ ይህን ያላደረገ ነጥብ አያግኝ። መሣሪያው ቢፈቀድ እንኳ ጨዋታው ካለቀ በኋላ፣ የቀረውን ቃል ለመማር ብቻ ይፈቀድ። የአገር ልሳን እንዳይዘነጋም፣ በአንዱ ሳምንት በእንግሊዝኛ፣ በሚከተለው ሳምንት በግእዝ ፊደል መጫወት ይቻላል።

ነገሩ ቀላል ተደርጎ እንዳይታይ የፈተናውን ውጤት ማስታወስ ይበቃል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሆኖም ጥያቄው የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ የጥያቄው ቃል ያልገባው ልጅ የሚያውቀውን ነገር እንኳ መመለስ አይችልም። አጣዬ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. በእሳት የነደደች፣ አካባቢዋም በተከታዩ ዓመት በጦርነት የታወከ ከተማ በመሆኗ፣ ልጆቿ ከትምህርት ገበታ የተለዩበት ጊዜ ተጨማሪ ጉዳት ነው።

ይህን ጉዳት ለመጠገን ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቀው ነገር ብዙ ነው፤ ይህ ግን ከዚያ አይቈጠርም። መቶ የካርቶን ቍራጮች፣ አንድ ብዕርና በየክፍሉ አንድ የእንግሊዝኛና አማርኛ መዝገበ ቃላት ይበቃሉ። እንግዲህ የይፋት መምህራን ሆይ፣ ካርቶኑን ቍረጡ፣ ሰዓቱንም መድቡ፤ ከአጣዬና ከሸዋ ሮቢት ወጥታችሁ በአዲስ አበባና በባሕር ማዶ የምትኖሩ የአገሩ ልጆችም፣ ለተማራችሁበት ትምህርት ቤት በዚህ ዓመት አንድ አንድ መዝገበ ቃላት ላኩ።