የሁለት ጣት ጠርዝ፣ የሚሰበር አጥንት
ሐይቅም ሆነች የአምባሰሏ ውጫሌ የደሴ–ወልዲያን አውራ ጎዳና ተከትለው የተዘረጉ ከተሞች ናቸው፤ ስለዚህ የእግረኛው መንገድ ሲበላሽ ሰው የሚወርደው አይሱዙና ባጃጅ ወደሚከንፉበት አስፋልት ነው። ሁለት ጣት ከፍ ያለ የኮንክሪት ጠርዝ ምን ያመጣል የሚሉ አሉ። ልጅ አዝላ፣ ዘንቢል አንጠልጥላ ከገበያ የምትመለስ እናት ግን እግሯ የሚያርፍበትን አታየውም፤ ምርኩዝ የያዙ አባትም አንዴ ከወደቁ ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ሊቀሩ ይችላሉ። ጥገናው ትልቅ ፕሮጀክት አይጠብቅም። ትንሹን የከፍታ ብልጫ በግራይንደር ሞርዶ ማስተካከል ይቻላል፤ የሰመጠውን ሶሌታ ደግሞ አንስቶ፣ ሥሩን በጠጠር ሞልቶ፣ በደንብ ጠቅጥቆ መልሶ ማስተኛት ነው። ዋናው ጠላት ውሃ ነው፤ ቦዩ ሳይጠረግ ክረምት ከገባ ጎርፉ ከሥር ያለውን አፈር ይዞት ይሄዳል፣ ዋልካ አፈርም በእርጥበት አብጦ በበጋ ይሰነጠቃል። ቦዩን ሳያስተካክሉ ላዩን በሲሚንቶ መለሰን ገንዘብ ማባከን ነው። ቧንቧ ለመዘርጋት የቆፈረም እንደነበረ ሳይመልስ ክፍያው ሊለቀቅለት አይገባም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት መንገድን ጨምሮ ተደራሽነትን የመንግሥት ግዴታ አድርጎታል። የሁለቱ ከተሞች ማዘጋጃ ቤቶች ክረምት ሳይገባ መንገዱን በእግራቸው ዞረው ይዩ፣ የተነሳውን ጠርዝ ሁሉ በቀለም ምልክት ያድርጉበት፣ ከትምህርት ቤትና ከጤና ጣቢያ ደጃፍ ጀምረውም ይጠግኑ።