ጉድለት ያለበት ዴሞክራሲ ወይስ ጠንካራ ክንድ?

በማደግ ላይ ባሉ አገሮች አንድ ክርክር ሳይቋጭ ዘልቋል። መንገድ፣ ማዳበሪያና ሰላም በፍጥነት የሚያቀርብ ጠንካራ አገዛዝ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ቢንገዳገድም ሕዝብ የሚሾመውና የሚሽረው መንግሥት ይበልጣል የሚሉም አሉ። ጉዳዩ የምሁራን ብቻ አይደለም፤ ከደብረ ታቦር እስከ አንበሳሜ ያለውን የአርሶ አደርና የከተማ ነዋሪ ኑሮ ይነካል።

የመጀመሪያዎቹ መከራከሪያ ባዶ አይደለም። ደቡብ ኮሪያ የኢንዱስትሪ መሠረቷን የጣለችው በጄኔራል ፓርክ ቹንግ ሂ ብርቱ አገዛዝ ነው። በኢትዮጵያም በኢሕአዴግ ዘመን ብዙ መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ተሠርቷል። ጥያቄው እንዲህ ያለው መንግሥት ሲሳሳት ማን ይነግረዋል የሚለው ነው።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ ዘውዳዊው መንግሥት ጉዳቱን ሸሸገ። በዚያ ረሃብ ዘውዱን የወቀሰው ደርግም በመስከረም 1977 ዓ.ም. ሰሜኑ እየተራበ አሥረኛ የአብዮት በዓሉን በድምቀት አከበረ። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን የመድብለ ፓርቲ ምርጫና ነፃ ጋዜጣ ባለበት አገር ከባድ ረሃብ አይከሰትም ያሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ለነገ ድምፅ የሚፈልግ መሪ የዛሬን ረሃብ መደበቅ አይችልም። ሕንድ ድህነትን ባታሸንፍም፣ ከነፃነቷ ወዲህ በቅኝ ግዛት ዘመን እንደ ደረሰው የቤንጋል እልቂት ያለ ረሃብ አላየችም።

የምርጫ ታሪካችንም ይህንኑ ያሳያል። በ1997 ዓ.ም. ተቃዋሚዎች የአዲስ አበባን 23 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ አሸነፉ፤ በተከተለው ውዝግብ ሰዎች ተገደሉ፣ የፓርቲ መሪዎችም ታሰሩ። በ2007 ዓ.ም. ገዥው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫዎች ያዙ። በወረቀት ሲታይ በአገሪቱ ቅሬታ ያለው ሰው የለም ማለት ነበር። ዓመት ጥቂት እንዳለፈ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ የጎንደር ሕዝብ አደባባይ ወጣ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በየካቲት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሥልጣን መልቀቂያ አቀረቡ። ምክር ቤቱ ያልሰማው ብሶት ጎዳና ላይ ተሰማ።

ይሁንና ምርጫ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ “ቢሮክራት” የተባሉ አርሶ አደሮች ይዞታ ሲቀነስ ሕገ መንግሥቱም ምርጫውም ነበሩ። የተጎዳው ገበሬ ግን ውሳኔውን የሚያስቀለብስበት አቅም አልነበረውም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የዘለቀው ግጭትም የመደማመጫውን መንገድ ይበልጥ አጥብቧል።

የሁለቱ ሥርዓቶች ልዩነት የሚለካው ስሕተት በሚታረምበት መንገድ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ መብት የሚፈተነው ከሁሉ በፊት ቀበሌ ላይ ነው። ማዳበሪያ ዘርቶ ለመጨረስ በማይደርስ ጊዜ ቢመጣ፣ አርሶ አደሩ በስብሰባ ላይ ይህን ተናግሮ በሰላም ወደ ቤቱ መግባት አለበት፤ የተናገረውም ሳይለሳለስ ወረዳና ዞን መድረስ አለበት። በየደረጃው “ዕቅዱ ተሳክቷል” እየተባለ የሚወጣ ሪፖርት ግን የላይኛውን ሹም ያሳውረዋል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ የታችኛው ገበሬ ነው።