የብራዚል ብርቱካንና ደካማው ቫይረስ

በብራዚል አገር በሳኦ ፓውሎ ግዛት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1937 ዓ.ም. ጀምሮ ትሪስቴዛ፣ ማለት ኀዘን፣ የሚባል የብርቱካን በሽታ ገብቶ በሚሊዮን የሚቆጠር ዛፍ አደረቀ። ምክንያቱም ክሽክሽ የምትባለው ጥቃቅን ተባይ ከዛፍ ወደ ዛፍ የምታጋባው ቫይረስ ነው። ገበሬዎቹ መራራ ብርቱካንን ትተው በሌላ ሥር ላይ ቢያዳቅሉም፣ ፔራ የተባለው ብርቱካን ግን ግንዱ እየተቦረቦረ ፍሬው ማነሱ አልቀረም።

በካምፒናስ የእርሻ ምርምር ተቋም የነበሩት ሊቃውንት፣ ኮስታና ሙለር፣ በተበላሸው አትክልት መካከል ደኅና ሆነው የቆዩትን ዛፎች መረመሩ። በነዚህም ውስጥ ያው ቫይረስ ተገኘ፤ ነገር ግን ጠባዩ የለዘበ ነበር። ይህን አስቀድሞ የተቀበለ ችግኝ ብርቱው ሲመጣበት እምብዛም አይጎዳም። በ1980 ዓ.ም. በዚህ ዘዴ የተጠበቀው ዛፍ 8 ሚሊዮን ያህል ደርሶ ነበር።

ነገሩ የፈንጣጣን ክትባት ቢመስልም አንድ አይደለም። ዛፍ እንደ ሰው በደሙ ውስጥ የሚጠብቀው ኃይል የለውም፤ ጥበቃው ለዘብተኛው ቫይረስ በውስጡ እስካለ ድረስ ነው፤ የሚከለክለውም የቅርብ ዘመዱን ብቻ ነው። ከዚህም የሚከፋው፣ ለአንዱ ተክል የለዘበው ለጎረቤቱ ብርቱ ሊሆን ወይም ራሱ ጠባዩን ሊለውጥ መቻሉ ነው። ስለዚህ ሥራው ለእያንዳንዱ ገበሬ ፈቃድ የሚተው አይደለም። ለማዳቀያ የሚቆረጠው ቅርንጫፍ ከየትኛው ዛፍ እንደመጣ የሚመረምርና የሚመዘግብ ሹም በሌለበት ዘንድ፣ ብርቱው ከለዘብተኛው ጋር ተቀላቅሎ በመንግሥት ችግኝ ስም ይሠራጫል።