ደንን ለማየት ስለ መሄድ

ልጆች ሆይ፤ ዛፍና አውሬ ለማየት ተራራ መውጣት የሥራ ፈት ሰው ነገር ነው የሚሉ አሉ። እንጨት ሳይሸከም፥ ማርም ሳይቆርጥ ከዱር የሚመለስ ሰው በከንቱ ደከመ ይላሉ። ለእኔ ግን እንዲህ አይመስለኝም፤ ምክንያቱንም እነግራችኋለሁ።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወጨጫ የሚባል ተራራ አለ፤ ከፍታውም ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። በጎኑም የመናገሻ ሱባ ደን ይገኛል። በ1426 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው በዚያ አስተከሉ ይባላል። እንዲህ ከሆነ፥ ዘሩን የተከሉት ሰዎች የዛሬውን ጥላ አላዩም፤ ለማያውቁት ትውልድ ተከሉ እንጂ።

ባለፈው ጥቅምት ተማሪዎቼን ይዤ በእግር ወደዚያ ደን ወጣሁ። ከታች ጥድና ዝግባ እንደ ዐምድ ቆመዋል፤ ከፍ ስንል ኮሶ፥ ከዚያም በላይ አስታ አገኘን። ጉሬዛ ነጭ ጠጕሩን እንደ ካባ ለብሶ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል አየን፤ በእጁ አውራ ጣት የለውም፥ ነገር ግን አይወድቅም። ዝም ብለን በቆምን ጊዜም ከአገራችን በቀር በሌላ አገር የማይገኘው የምኒልክ ድኩላ ከጥሻው ብቅ አለ።

በዚያች ሰዓት አንድ ልጅ ለምርኩዝ ብሎ ለጋ ጥድ ቀጭ አድርጎ ሰበረ። ድኩላውም ደንግጦ ሸሸ። ባልንጀሮቹ ሲቈጡት ልጁ፥ «የኔታ፥ አንድ ብቻ እኮ ነው» አለኝ።

እኔም እንዲህ አልሁት፤ «ልጄ፥ በመንደራችን በላይ የጥድ ዱር ነበረ። ሁላችንም አንድ ብቻ እያልን ቈረጥን፤ እኔም ከቈራጮቹ አንዱ ነበርሁ። ዛሬ ጥዱም የለም፥ ከሥሩ ይፈልቅ የነበረው ምንጭም ደርቋል።» ልጁ አንገቱን ደፋ፤ እኔም ከእርሱ ጋራ አፈርሁ።

ድኻ እንጨት አያስፈልገውም አልልም፤ ምድጃ ያለ ማገዶ አይነድም። ስለዚህ ለማገዶ የሚሆነውን በየደጃችን እንትከል፤ አባቶች ያቈዩልንን ደን ግን እንጠብቅ።

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። ያላዩትንም ደን ማንም አይጠብቀውም። እንግዲህ ሂዱና እዩ፤ በቀስታ ተራመዱ፥ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፥ ከዚያም እጃችሁን ባዶ አድርጋችሁ ተመለሱ። በእጁ ምንም ሳይዝ፥ በልቡ ግን ፍቅርን ይዞ የተመለሰ ሰው በከንቱ አልደከመም።