ጆንያው ይመለስልን፣ ፌስታሉ ይቅርብን

ዛሬ የምናወራው ስለ ዘር ወይም ስለ ተባይ አይደለም፤ ምርቱን ስለምናስገባበት ከረጢት ነው። «ከረጢት ደግሞ ምን ወሬ አለው?» የምትሉ አትጠፉም። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ የለፋንበት ምርት የሚነቅዘውም፣ ከብቶቻችን የሚታነቁትም፣ ነጋዴው ሳናውቀው የሚያተርፍብንም በዚሁ በከረጢት በኩል ነው እላለሁ።

ከሕጉ እንጀምር። በአዋጅ 513/1999 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ስስ ፌስታሎች ተከልክለው ነበር። ክልከላው ግን ወረቀት ላይ ቀረ፤ ፌስታሉ ገጠር ድረስ ዘልቆ ገባ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ አዋጅ አጸደቀ። አሁን ፌስታል ሲጠቀም የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። ገበያ ወጥታችሁ አንድ ኪሎ ስኳር በፌስታል ይዛችሁ ስትመለሱ ቅጣቱ ከስኳሩ ይበልጣል ማለት ነው።

እኔ ግን ፌስታልን ቅጣት ፈርታችሁ ብቻ እንድትተዉ አልፈልግም። ላም ፌስታል ስትበላ ጨጓራዋ አይፈጨውም፤ እየተጠቀለለ ይከማቻል። ሆዷ ይነፋል፣ መመገብ ታቆማለች፣ ትከሳለች። መድኃኒት ብትሰጧት ዋጋ የለውም። ለአንድ ላም ዋጋ ስንት ዓመት እንደምትለፉ እናንተው ታውቃላችሁ። ማሳ ውስጥ የተቀበረ ፌስታልም ውኃና ሥር አያሳልፍም። እሳት ማቀጣጠያ የምታደርጉትም ካላችሁ ተዉት፤ ጭሱ ለእናቶችና ለሕፃናት ሳንባ መርዝ ነው።

«ታዲያ በምን እንያዝ?» አባቶቻችን አቅማዳና ስልቻ ነበራቸው፤ እናቶቻችን ዘንቢል። አንድ አቅማዳ ስንት ዓመት ያገለግል እንደነበር አስታውሱ። ዛሬ ሁላችንም ወደ አቅማዳ እንመለስ ማለቴ አይደለም። የአስተሳሰቡን መንገድ ግን እንውሰድ፤ ጥሩ ከረጢት ማለት ደጋግሞ የሚያገለግል ከረጢት ነው።

እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር የማልስማማበት ነገር አለ። «ፕላስቲክ ሁሉ መጥፎ፣ ወረቀት ሁሉ ጥሩ» የሚል ወሬ በየቦታው ይሰማል። እንደዚያ አይደለም። በርበሬ በወረቀት ብታሽጉ እርጥበት ይስባል፣ ይሻግታል። የሻገተ በርበሬ ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊይዝ ይችላል። በከረጢቱ ምክንያት ምርቱ ከተበላሸ የከረጢቱ «ንጹሕነት» ምን ይጠቅማል? ለዚያ ምርት የፈሰሰው ማዳበሪያ፣ ጉልበትና ዝናብ ሁሉ አብሮ ተደፋ ማለት ነው። ስለዚህ ከረጢት ስትመርጡ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ምርቴን ከብልሽት ያድነዋል? ስንት ጊዜ ይሠራል? ሲያረጅ የት ይወድቃል?

ለእህል ማከማቻ እኔ የምመክረው ፒክስ የሚባለውን ከረጢት ነው። ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ውጩ ደግሞ ተራ ማዳበሪያ ነው። መነሻው ካሜሩን ውስጥ ለጥራጥሬ ተብሎ የተሠራ ነው። አየሩ ወጥቶ ጥርቅም ተደርጎ ሲታሰር ውስጥ ያለው ነቀዝ የቀረውን አየር ይጨርስና ያልቃል። የነቀዝ ኪኒን ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ቀረ ማለት ነው። ከተራው ማዳበሪያ ይወደዳል፣ እውነት ነው። ነገር ግን አይጥ ካልበሳው ሁለትና ሦስት ዓመት ያገለግላል። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ እህሉ በደንብ ይድረቅ። ደረቅ ጨው ከእህሉ ጋር ጠርሙስ ውስጥ ጨምራችሁ ነቅንቁ፤ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና ነው፣ መልሳችሁ አስጡት።

የማዳበሪያ ከረጢትን ነገርም ልንገራችሁ። ከረጢቱን ራሱን «ማዳበሪያ» ብለን እስክንጠራው ድረስ ለምደነዋል። ዩሪያና ኤንፒኤስ የነበረበትን ግን ለሚበላ ነገር አትጠቀሙበት። ጭድ ያዙበት፣ ፍግ አመላልሱበት፣ አፈር ሞልታችሁ የጎርፍ መከላከያ አድርጉት። ሥራ አይጠፋለትም።

ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታችሁ የምትሸጡ እህቶችም ይህ ይመለከታችኋል። ውስጡ እንደ ብር የሚያብረቀርቀው ማሸጊያ ያምራል፣ ሽታም ይጠብቃል። ነገር ግን ፕላስቲክና አሉሚኒየም ተጣብቀው የተሠራ ስለሆነ መለየት አይቻልም፤ ቆራሌውም አይገዛው። ምርታችሁ በወር በሁለት ወር ውስጥ የሚሸጥ ከሆነ ከአንድ ዓይነት ፕላስቲክ ብቻ የተሠራ ወፈር ያለ ከረጢት ይበቃችኋል። ፀሐይ ላይ አትስቀሉት፣ የበርበሬው ቀለም ይጠፋል። «ይበሰብሳል» ተብሎ የተጻፈበትን ሁሉም አትመኑ። አንዳንዱ ተሰባብሮ ደቃቅ ፕላስቲክ ይሆናል እንጂ አፈር አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። ምርታችን የት እንደሚደርስ ተከተሉት። አዲስ አበባ፣ ከመርካቶ አጠገብ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ያለች ባለሱቅ ምስርና ሽንብራ በኪሎ እየመዘነች ትሸጣለች። እህሉ እዚያ የደረሰው በእኛ ጆንያ ነው። ጆንያው ከተራገፈ በኋላ የሚጣል ይመስላችኋል? አይጣልም። መርካቶ ውስጥ ያገለገለ ጆንያ ራሱ ይሸጣል፣ ይገዛል። ምናለሽ ተራ ብትሄዱ አሮጌ ነገር ሁሉ አዲስ ሥራ ሲያገኝ ታያላችሁ። ከተማው ጆንያ ዋጋ እንዳለው ያውቃል። ያላወቅነው እኛ ነን፤ በገንዘባችን ገዝተን፣ ሞልተን፣ በነጻ እንሸኘዋለን። ሚዛን ላይ ደግሞ «የጆንያ» ተብሎ ኪሎ ይቀነስብናል። ከዚያ ለመጪው ምርት አዲስ እንገዛለን።

ይህ መቅረት አለበት ባይ ነኝ። ወይ ጆንያው ይመለስ፣ ወይ ዋጋው ይታሰብ። «ነጋዴው እምቢ ቢልስ?» ትሉኛላችሁ። አንድ ገበሬ ብቻውን ከጠየቀ አዎ፣ እምቢ ይላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። ማኅበሩ ጠንካራ ጆንያ በጅምላ ይግዛ፣ ምልክት ያድርግበት፣ ከገዢው ጋር ሲዋዋል «ባዶው በሚቀጥለው መኪና ይመለሳል» ብሎ ያስጽፍ። ጭነት ሊያነሳ የሚመጣው መኪና እኮ ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው የሚመጣው! ባዶ ጆንያ መጫን ምን ይከብደዋል?

በሚቀጥለው የማኅበር ስብሰባ ላይ ይህን ጉዳይ አንሡት። እስከዚያው ቤታችሁ ያለውን ጆንያ ቁጠሩ፣ የተቀደደውን ስፉ፣ የረጠበውን አስጡ። ገበያ ስትወጡ ዘንቢላችሁን አትርሱ። ስልክ ለሌለው ጎረቤታችሁም አንብቡለት።

መልካም የምርት ዘመን!